ሐኪሙ ከሄደ በኋላ፦ ከሩፈይዳ ድንኳን እስከ ዲላ ሆስፒታል



ዲላም ሆነ ይርጋጨፌ፣ ወናጎም ሆነ ገደብ፣ ቤተሰቡን ሆስፒታል አስተኝቶ ያስታመመ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ሐኪሙ ጠዋት ይመጣል፤ በሽተኛውን ያያል፤ መድኃኒት ያዛል፤ ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። የቀረው ቀንና ሌሊት በሙሉ በነርሶች እጅ ነው። መርፌው በሰዓቱ ተሰጥቷል? ትኩሳቱ ተለክቶ ቻርቱ ላይ ተጽፏል? ግሉኮሱ ሲያልቅ ማን ያየዋል? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ትንፋሽ ሲያጥረው የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ እንዳልሆነ ማን አስቀድሞ አረጋግጧል?

ብዙዎቻችን ስለ አንድ ሆስፒታል ስንጠይቅ «ጥሩ ሐኪም አለው ወይ?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማንጠይቀውን ሌላ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል፦ ነርሶቹን የሚመራው ማነው? እንዴትስ ነው የሚመራቸው? ታሪክን ወደ ኋላ ስንመረምር የሆስፒታል መልካምነትም ሆነ ብልሽት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጥያቄ መልስ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህን የምንጽፈው የጌዴኦን ዞን እያሰብን ነው። ጌዴኦ ዓለም በቡናው የሚያውቀው፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባህላዊ መልክዐ ምድሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበለት፣ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በይርጋጨፌ፣ በቡሌና በገደብ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሉ። ከእነርሱ አቅም በላይ የሆነው ሕመም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። ከጉጂና ከሲዳማ አዋሳኝ አካባቢዎችም ሰው ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የአንዲት የዋርድ ኃላፊ ነርስ ሥራ የብዙ ሺህ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወደ ዲላ ከመመለሳችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

በመስጂዱ ግቢ የተተከለች ድንኳን

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ፣ ታላቁ ሶሐባ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ክንዱ ላይ ተመታ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው ይጠይቁት ዘንድ በመስጂዱ ውስጥ በተተከለች ድንኳን እንዲያርፍ አደረጉ። የሲራ ጸሐፊዎች የድንኳኗን ባለቤት በስም ያነሷታል፤ ከአስለም ጎሳ የሆነችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ናት። ቁስለኞችን ታክም፣ ረዳት የሌላቸውን ደካሞችም ትንከባከብ እንደነበር ጽፈዋል።

እርሷ ብቻ አልነበረችም። ኡሙ ዐጢያ አል-አንሷሪያ (ረ.ዐ) በ7 ዘመቻዎች ተሳትፋ ምግብ ታዘጋጅ፣ ቁስለኛ ታክም፣ በሽተኛ ታስታምም እንደነበር በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝም (ረ.ዐ) ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ውኃ ያጠጡና ቁስለኞችን ወደ መዲና ይመልሱ እንደነበር ተናግራለች።

እዚህ ላይ ልብ እንድንለው የምንፈልገው ነገር አለ። ድንኳኗ ባለቤት ነበራት። ቁስለኛ ሲመጣ «ወደ ማን እንውሰደው?» ለሚለው ጥያቄ የታወቀ መልስ ነበረ። እንክብካቤ በጎ ፈቃድ ብቻ ሆኖ ሲቀር የሁሉም ይመስልና የማንም አይሆንም። ስሟ የታወቀ፣ ኃላፊነቱ የተሰጣት ሰው ስትኖር ግን ሥራው መልክ ይይዛል።

የደማስቆው መዝገብ

ከዚያ በኋላ በነበሩት ክፍለ ዘመናት በሙስሊሙ ዓለም ቢማሪስታን የሚባሉ ሆስፒታሎች ተስፋፉ። በባግዳድ የዐዱዲ ሆስፒታል በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በደማስቆ የኑሪ ሆስፒታል በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በካይሮ የመንሱሪ ሆስፒታል በ1284 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ተሠሩ። ወጪያቸው የሚሸፈነው በወቅፍ ነበር። ሱቁ፣ እርሻው፣ መታጠቢያ ቤቱ ለሆስፒታሉ ወቅፍ ተደርጎ ገቢው ለበሽተኞች ይውላል።

ብዙዎቻችን ስለ ቢማሪስታኖች ስንሰማ የሚነገረን ስለ ታላላቅ ሐኪሞቻቸው ነው። በ1184 (እ.ኤ.አ.) ደማስቆን የጎበኘው የአንደሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር ግን ሌላ ነገርም ዐይቶ ጽፏል። አዲሱ ሆስፒታል የቀን ወጪው 15 ዲናር ያህል ነበር። ተቆጣጣሪዎች ነበሩት። እነርሱ ዘንድ ያለው መዝገብ የበሽተኞችን ስም፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን መድኃኒትና ምግብ፣ ወጪውንም ጭምር ይይዛል። ሐኪሞቹ በየማለዳው መጥተው በሽተኞችን ያዩና ለእያንዳንዱ የሚስማማው እንዲዘጋጅ ያዛሉ።

አስቡት፤ ይህ የዛሬ 840 ዓመት ገደማ ነው። ስም፣ ትእዛዝ፣ መዝገብ፣ ተቆጣጣሪ። ዛሬ በየዋርዱ «ቻርት» እና «የርክክብ ደብተር» የምንለው ያኔ በራሱ መልክ ነበረ። ሐኪሙ ያዘዘው ነገር እርሱ ከወጣ በኋላ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ሰው ተመድቦ ነበር።

የካይሮው የመንሱሪ ሆስፒታል ደግሞ ሌላውን ትምህርት ይሰጠናል። በዘመኑ ለሀብታምና ለድሀ፣ ለነዋሪና ለእንግዳ እኩል የተከፈተ፣ ለወንዶችና ለሴቶች የየራሳቸው ክፍልና አስታማሚ የተመደበለት ታላቅ ተቋም ነበር። በ1798 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዮች ካይሮ ሲገቡ ግን ከቀድሞ ደረጃው እጅግ ወርዶ፣ ጥቂት በሽተኞች ብቻ የቀሩበት ሆኖ አገኙት። ግድግዳው አልፈረሰም ነበር። ሕንፃ ክፍለ ዘመናትን ሊሻገር ይችላል፤ እንክብካቤ ግን በየዕለቱ የሚከታተለው ካጣ ከሕንፃው ቀድሞ ይሞታል።

ኡስኩዳር፣ 1854

የዘመናዊ ነርስነት ታሪክ ሲነሳ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም መነሳቱ አይቀርም። የሥራዋ ቦታ የት እንደነበረ ግን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። በኢስታንቡል ከተማ፣ በኡስኩዳር፣ ኦቶማኖች ለእንግሊዝ ጦር በሰጡት የሰሊሚየ የጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። በኅዳር 1854 (እ.ኤ.አ.) 38 ሴቶችን አስከትላ ደረሰች።

እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ታሪክ «መጣች፣ ሞት ቀነሰ» የሚል ነው። እውነታው ትንሽ ይለያል። በመጀመሪያው ክረምት እርሷና ነርሶቿ ሌት ተቀን እየሠሩ ሞቱ ባሰ። በየካቲት 1855 ከመቶ 42 አካባቢ ደርሶ ነበር። ከሕንፃው ሥር የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ነበረ፤ አየሩ የታፈነ፣ ውኃው የቆሸሸ ነበር። በመጋቢት ከእንግሊዝ የመጣ የንጽሕና ኮሚሽን ቦዮቹን አስጠረገ፤ አየር እንዲገባ አስደረገ። በሰኔ ሞቱ ከመቶ ወደ 2 አካባቢ ወረደ።

ናይቲንጌል ከዚህ የወሰደችው ትምህርት ትልቅ ነው። የነርስ ደግነት ብቻውን በሽተኛ አያድንም። ደግነቱን የሚሸከም ሥርዓት ያስፈልገዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሮቹን ሰብስባ፣ በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አስቀምጣ ለመንግሥት አቀረበች። ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለአስተዳደር ሰጠች። የምዕራፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የኃላፊ ችሎታ የሚለካው እርሷ ባለችበት በሚሠራው ሳይሆን እርሷ በሌለችበት ጊዜም ያው ሥራ መሠራቱን ማረጋገጥ በመቻሏ ነው። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የተከፈተው የነርሶች ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም በልዩ ልዩ አገሮች የነርሶች ኃላፊ ሆነው ተሰማሩ።

«ሜትሮን» ወደ እኛ ሲመጣ

በአገራችን ዘመናዊ ሆስፒታል የተጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ኢትዮጵያውያን ነርሶችን በትምህርት ቤት ማሠልጠን ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ትምህርት ተከታትለው የተመረቁ ነበሩ። በ1942 (እ.ኤ.አ.) ገና በወጣትነታቸው በነቀምት አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ነበር። በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ለገጠሩ የሚሠማሩ የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ።

በየሆስፒታሉ የነርሶች አለቃ «ሜትሮን» ተባለች። ቃሉ ከእንግሊዝ የሆስፒታል ልማድ የመጣ ነው። ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎቻችን የነርሲንግ ዳይሬክተሩ ወንድ ቢሆን እንኳ «ሜትሮን» ሲሉት እንሰማለን።

ለረጅም ጊዜ ግን የሜትሮን ሥልጣን ምን ድረስ እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሲያወጣ የነርሲንግ አገልግሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተሰጠው። የነርሶች አመራር ማን እንደሆነ፣ በሽተኛው ሲገባ በነርስ መመርመርና የእንክብካቤ ዕቅድ ሊወጣለት እንደሚገባ በደረጃ ተቀመጠ። በ2015 የወጣው የጤና ዘርፍ ዕቅድም ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገ።

መመሪያ መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን መመሪያ በራሱ እግር ወደ አልጋ አይሄድም። የሚያደርሰው የዋርዱ ኃላፊ ነው።

ዲላ እና የ2018 ፈተና

ዲላ በጤና ትምህርት አዲስ አይደለችም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከከተማዋ ወጣቶች ብዙዎች በዚህ በር ወደ ጤና ሙያ ገብተዋል።

በ2018 አጋማሽ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ከእነዚህ ውስጥ 7 መቶ ሺህ ያህሉ በጌዴኦ ዞን ነበሩ። በዚያው በተጠጋጋ ሕዝብ ላይ ይህን ያህል ሰው ሲጨመር፣ ትምህርት ቤቱና የሕዝብ አዳራሹ መጠለያ ሲሆን፣ ዝናቡም ሲበረታ፣ የጤና ተቋማት ምን ዓይነት ጫና እንደሚገጥማቸው ለዲላ ሰው መንገር አያስፈልግም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪም በአንድ ሌሊት አይጨመርም፤ አልጋም አይባዛም። ያለው የሰው ኃይል እንዴት ይደልደል የሚለው ጥያቄ ግን በዚያው ሌሊት መልስ ይፈልጋል። ማን ድንገተኛ ክፍል ይግባ? ማን ከሕፃናት ክፍል ይነሳ? ሦስት ቀን ያልተኛችው ነርስ ትረፍ ወይስ አንድ ተረኝነት ትጨምር? ኩፍኝ የተጠረጠረው ሕፃን ከሌሎቹ የት ይለይ? እነዚህ ውሳኔዎች በዋና ከተማ ቢሮ የሚወሰኑ አይደሉም። የሚወስናቸው ተረኛው ሱፐርቫይዘርና የዋርዱ ኃላፊ ነው። አደጋ ሲመጣ የሚታየው በደህናው ጊዜ የተገነባው አመራር ነው።

ሁለት ዓይነት ክትትል

«ክትትል» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ሥዕል አንድ ነው፦ ደብተር ይዞ የሚዞር፣ ስህተት የሚለቅም፣ በአስታማሚና በበሽተኛ ፊት የሚቆጣ አለቃ። ይህ ዓይነቱ ክትትል ውጤት አለው፤ ውጤቱ ግን መደበቅ ነው። የመድኃኒት መጠን የተሳሳተባት ነርስ ቅጣትን ፈርታ ዝም ትላለች። ያልተለካው የደም ግፊት «እንደተለካ» ተደርጎ ይጻፋል። ወረቀቱ ያምራል፤ በሽተኛው ይጎዳል።

ሁለተኛው በጤናው ዘርፍ «ድጋፋዊ ክትትል» የሚባለው ነው። ኃላፊዋ በተረኝነት ርክክብ ሰዓት አልጋ አልጋውን አብራ ትዞራለች። ትላንት የተመደበው አዲስ ተመራቂ የማያውቀውን ሥራ ራሷ ሠርታ ታሳየዋለች። የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪው መሟላቱን በየዕለቱ ታያለች። ስህተት ሲፈጠር በቅድሚያ «ማነው?» ሳይሆን «እንዴት ሆነ? እንዳይደገም ምን እናድርግ?» ትላለች። ሆን ብሎ ቸል ያለውን ግን አታልፈውም፤ ለብቻው ጠርታ ትገሥጸዋለች፤ ካልታረመ ወደ ሕጉ ትወስደዋለች።

ይህ የምኞት ወሬ አይደለም። በ1983 በአሜሪካ የነርስ እጥረት በበረታበት ወቅት ነርሶች የማይለቋቸው 41 ሆስፒታሎች ተመርጠው ተጠኑ። ከጋራ መለያዎቻቸው አንዱ ነርሶቻቸውን የሚሰሙና በሥራ ቦታ የሚታዩ የነርስ መሪዎች መኖራቸው ነበር። በ1994 የወጣ ጥናት ደግሞ በእነዚህ ሆስፒታሎች የበሽተኞች ሞት ከሌሎች ተመሳሳይ ሆስፒታሎች ያነሰ መሆኑን አሳየ። በተቃራኒው በእንግሊዝ በስታፎርድ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2009 በሽተኞች ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው፣ በቆሸሸ አንሶላ ተኝተው መቆየታቸው ተጋለጠ። በ2013 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ካቀረባቸው 290 ምክረ ሐሳቦች አንዱ የዋርድ ኃላፊ ነርሶች ቢሮ ከመዋል ወጥተው ዋና ሥራቸው ክትትል እንዲሆን የሚል ነበር። ሀብታም አገር፣ ብዙ መሣሪያ፣ ግን የሚያይ ዓይን ሲጠፋ ይህ ሆነ።

ከአገራችንም በ2013 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነርሶች ላይ የታተመ ጥናት አለ። ነርሶቹ አርአያ ሆኖ የሚያነሳሳና የሚያበረታታ አመራርን እንደሚመርጡ፣ በእንዲህ ዓይነት ኃላፊ ሥር ያሉትም በሥራቸው የበለጠ እንደሚረኩ አሳይቷል። ሥራውን የወደደ ባለሙያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲጠሩት ይነሳል። ያማረረው ግን መልቀቂያውን እያሰበ ያድራል።

ኃላፊዎቹንም እንስማ

ፍትሐዊ ለመሆን የኃላፊዎቹንም ሸክም ማየት ይገባናል። ብዙ ጊዜ ኃላፊ የሚደረገው በአልጋ አጠገብ ጎበዝ የነበረው ነርስ ነው። መርፌ መስጠት የሚችል ሁሉ ግን ሰው መምራት ይችላል ማለት አይደለም፤ መምራትም ትምህርት ይፈልጋል። ኃላፊነቱ ሲሰጥ ሥልጠናው አብሮ ካልተሰጠ፣ የራሱ በሽተኞችም ካልተቀነሱለት፣ ጓንትና ሳሙና ለማስመጣት ከቢሮ ቢሮ ሲሮጥ ከዋለ፣ መቼ ሌሎችን ሊከታተል ይችላል? ከሐኪሞች ጋር በሚደረግ ስብሰባም ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ያየውን ጉድለት ለማን ይናገራል?

ደማስቆ ላይ ተቆጣጣሪው መዝገብም በጀትም ነበረው። ኡስኩዳር ላይ ነርሶቹ ብቻቸውን ያልቻሉትን ቦዩ ሲጠረግ ቻሉት። ኃላፊነት ሰጥቶ መሣሪያ መንፈግ ሰውን ለውድቀት ማዘጋጀት ነው።

ለእኛ ለወጣቶች

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንወስደው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ነርስነትን «ሕክምና ሳይደርሰኝ ቀርቶ» የሚገባበት ሙያ አድርገን አንይ። የሩፈይዳና የኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ፈለግ ነው። በተለይ እህቶቻችን በዚህ ሙያ ተምረው እስከ አመራር እንዲደርሱ እናበርታቸው።

ሁለተኛ፣ በሙያው ውስጥ ላላችሁት። የዋርድ ኃላፊነት የአበል ጭማሪ ወይም የወንበር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አማና ነው። እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ የሚያስታውሰው ሐዲሥ በሌሊት ተረኝነት ላይም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ አስታማሚ ሆነን ስንገባ የሥራውን አካሄድ እንወቅ። ጉድለት ስናይ ደክማ የቆመችው ነርስ ላይ ከመጮህ የዋርዱን ኃላፊ በስም ጠይቀን በአክብሮት እንንገር። መልካም ሲሠራም እንደዚሁ ስም ጠቅሰን እናመስግን። ቅሬታም ምስጋናም ለሚመለከተው ሲደርስ ሥርዓትን ያጠነክራል፤ መንገድ ላይ ሲቀር ሐሜት ይሆናል።

በዲላም ሆነ በሌላ ከተማ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ደስ ይለናል፤ እናጨበጭባለንም። ከጭብጨባው በኋላ ግን ሪባኑን ለቆረጠው ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ ብናቀርብ መልካም ነው፦ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት ነርሶቹን የሚመራው ማነው? ምን ሥልጠና፣ ምን ሥልጣን፣ ምን ያህል የሰው ኃይል ተሰጠው?

አላህ ለታመሙት ሽፋእ፣ ሌሊቱን ለሚያነጉላቸው ደግሞ ብርታትና ኢኽላስ ይስጥ። አሚን።